ዳሊ ሜሴንጀር

ኸርበርት ሄንሪ ሜሴንጀር፣ በተለምዶ ዳሊ ሜሴንጀር (እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 12 ቀን 1883 እስከ ኖቬምበር 24 ቀን 1959)፣ አውስትራሊያዊ የራግቢ ተጫዋች ነበር። በ1907 ከአማተሩ ራግቢ ዩኒየን ወጥቶ ለተጫዋቾቹ ገንዘብ ወደሚከፍለው አዲስ ጨዋታ ተዛወረ። በሚቀጥለው ዓመት በሲድኒ ለተጀመረው የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ራግቢ ሊግ ውድድር ትልቁን ጉልበት የሰጠው ይህ ዝውውር እንደሆነ ይነገራል። ተመልካቹ «ዘ ማስተር» ይለው ነበር፤ ሊቁ እንደ ማለት ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ራግቢዎች

ራግቢ በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ኳሷን ይዞ መሮጥም ሆነ በእግሩ መምታት ይችላል፤ በእጁ ለጓደኛው ማቀበል የሚችለው ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ተጋጣሚው ኳስ የያዘውን ሰው አንቆ ሳይሆን አቅፎ መጣል ይፈቀድለታል። ኳሷን ይዞ ከተጋጣሚው የግብ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ትራይ ሲባል፣ መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ማሳለፍ ደግሞ ጎል ይባላል። በሜሴንጀር ዘመን ሊጉ ለትራይ 3፣ ለጎል 2 ነጥብ ይሰጥ ነበር።

ጨዋታው ለሁለት የተከፈለው በእንግሊዝ ሲሆን ምክንያቱም ሕጉ ሳይሆን ደመወዝ ነው። በሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይ በዮርክሻየርና በላንካሻየር፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾች የከሰል ማዕድንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ለመጫወት ከሥራ የሚቀር ሰው የዕለቱን ደመወዝ ያጣል። ክለቦቹ ይህን የጠፋ ደመወዝ ልንተካላቸው ይገባል ቢሉ፣ ጨዋታውን የሚመራው የራግቢ ማኅበር ገንዘብ መቀበል ከአማተር መንፈስ ጋር አይሄድም ብሎ ከለከለ። ስለዚህ ኦገስት 29 ቀን 1895 የሰሜኑ ክለቦች በሃደርስፊልድ ከተማ በሚገኘው ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ኖርዘርን ዩኒየን የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ሕጉ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ከሜዳ የወጣችን ኳስ ተሰልፎ የመሻማቱ ሥርዓት ቀረ፤ በ1906 የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አለ። ተይዞ የወደቀ ተጫዋችም ተነሥቶ ኳሷን በእግሩ እንዲያስጀምር ተደረገ። ተመልካች ከፍሎ የሚገባበት ጨዋታ ፈጣን መሆን ነበረበትና። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው ይህ ነው።

በሲድኒ ግን እስከ 1907 ድረስ የነበረው አማተሩ ራግቢ ዩኒየን ብቻ ነበር።

ልጅነትና ጅምር

ሜሴንጀር የተወለደው በሲድኒ ባልሜይን ሰፈር ሲሆን ያደገው ደብል ቤይ በተባለው የባሕር ዳርቻ ሰፈር ነው። ቤተሰቡ የቀዘፋ ቤተሰብ ነበር። አያቱ ጄምስ ሜሴንጀር በ1850ዎቹ የእንግሊዝ የቀዘፋ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ሲሆን የንግሥት ቪክቶሪያ ጀልባዎች ኃላፊም ሆኗል። አባቱ ቻርልስ ሜሴንጀርም ጀልባ ሠሪና ለገንዘብ የሚወዳደር ቀዛፊ ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ ስፖርተኛ በላቡ ገንዘብ ማግኘቱ እንደ ነውር የሚቆጠር ነገር አልነበረም።

«ዳሊ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በሕፃንነቱ ነው። ሆዱ ገፋ ያለ ሕፃን ስለነበር በሰውነቱ ውፍረት ከሚታወቀው ፖለቲከኛ ከዊልያም ቢድ ዳሊ ጋር አመሳስለውት ነው ይባላል። አድጎ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ቁመቱ መካከለኛ፣ ሰውነቱ ጠንካራና ቀልጣፋ ነበር፤ ሲጋራም መጠጥም አይነካም። በአባቱ የጀልባ መሥሪያ ቤት ሲሠራ ቆይቶ በምሥራቃዊ ሲድኒ ክለብ (ኢስተርን ሰበርብስ) ራግቢ ዩኒየን መጫወት ጀመረ።

የሚጫወተው በመሐል ሦስተኛ መስመር ላይ፣ ሴንተር በሚባለው ቦታ ነበር። የሚታወቅበት አንድ ዘዴ ሳይሆን ተጋጣሚው የሚቀጥለውን እርምጃውን መገመት አለመቻሉ ነው። ከዚህ በላይ ሕዝቡን ያስደነቀው ከሜዳው ጠርዝም ሆነ ከመሐል ሜዳ አካባቢ መትቶ የሚያስገባቸው ጎሎች ነበሩ። በ1907 ለኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ሀገርና ለአውስትራሊያ ተመርጦ የኒውዚላንድን ብሔራዊ ቡድን ኦል ብላክስን ገጠመ። በዚያ ዓመት ጁላይ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከኒውዚላንድ ጋር በሲድኒ ክሪኬት ሜዳ ሲጋጠም ከ50,000 በላይ ሰው ተገኝቷል።

ቅሬታውም ከዚሁ ቁጥር ይነሣል። የመግቢያው ገንዘብ በሙሉ ለማኅበሩ ገቢ ሲሆን ተጫዋቹ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው ይመለሳል። ጉዳት ከደረሰበት ደግሞ የሚታከመው በራሱ ነው፤ ከሥራ የቀረበትንም የሚተካለት የለም። አሌክ በርደን የተባለ ታዋቂ ተጫዋች በጨዋታ ላይ ተጎድቶ ሥራ መሥራት ሳይችል ሲቀር ማኅበሩ ካሣ አለመስጠቱ በሲድኒ ተጫዋቾች መካከል ብዙ ወሬና ቁጣ አስነሣ።

የ1907 ዝውውር

ከባሕሩ ማዶ በኒውዚላንድ አልበርት ባስከርቪል የተባለ ወጣት የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ በኖርዘርን ዩኒየን ሕግ የሚጫወት ቡድን ይዞ ወደ እንግሊዝ ለመዝመት እየተዘጋጀ ነበር። ለጉዞው እያንዳንዱ ተጫዋች 50 ፓውንድ አዋጣ፤ ትርፉን እኩል ሊካፈሉ ነው። ጋዜጦች በቡድኑ ለመቀለድ ስሙን ከኦል ብላክስ ወደ «ኦል ጎልድስ» ለወጡት፤ ወርቅ ፈላጊዎች ናቸው ለማለት ነው። ቡድኑ በመንገዱ ላይ በሲድኒ ሦስት ጨዋታ እንዲያደርግ ተጋበዘ።

ጋባዦቹ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጄምስ ጊልቲናን ነጋዴ ነው፤ ሄንሪ ሆይል በባቡር ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ የታወቀ ፖለቲከኛ ነው፤ ቪክተር ትረምፐር ደግሞ በዘመኑ ከነበሩት የአውስትራሊያ የክሪኬት ተጫዋቾች ሁሉ እጅግ የሚወደደው ሲሆን በሲድኒ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው። ተጫዋቾቹ ቅሬታቸውን ይዘው የሚመጡት ወደዚህ ሱቅ ነበር። ኦገስት 8 ቀን 1907 በጆርጅ ጎዳና በሚገኘው ቤትማንስ ክሪስታል ሆቴል ስብሰባ ተደርጎ የኒው ሳውዝ ዌልስ ራግቢ ሊግ ተመሠረተ። ሆይል ፕሬዚዳንት፣ ጊልቲናን ጸሐፊ፣ ትረምፐር ገንዘብ ያዥ ሆኑ።

ማኅበር መመሥረት አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ ማምጣት ግን ሌላ ነው። ከኒውዚላንዶች ጋር የሚጫወት ማንኛውም ሰው ከራግቢ ዩኒየን ለዕድሜ ልክ እንደሚታገድ የታወቀ ነበር። ስማቸው ያልታወቀ ተጫዋቾች ቢሰለፉ ደግሞ ተመልካች አይመጣም። የሲድኒ ሰው ለማየት የሚሰለፍለት ሜሴንጀር ነው። ጊልቲናንና ትረምፐር ወደ ደብል ቤይ ሄደው አነጋገሩት፤ እሱም ነገሩን ለእናቱ ለአኒ ትቶ ስለነበር ዋናው ድርድር የተደረገው ከእርሷ ጋር ነው። እናቲቱ ከተስማማች በኋላ ልጁም ፈረመ። ስለተከፈለው ገንዘብ የሚነገረው ቁጥር ከተራኪው ተራኪው ስለሚለያይ እዚህ መጥቀሱ አይጠቅምም፤ በዘመኑ ለአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ እንደነበር ግን ሁሉም ይስማማሉ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ኦገስት 17 ቀን 1907 በሲድኒ የግብርና ኤግዚቢሽን ሜዳ ተደረገ። ወደ 20,000 ሰው መጣ። ኒውዚላንድ 12 ለ 8 አሸነፈ፤ የቀሩትንም ሁለት ጨዋታዎች ወሰደ። አስገራሚው ነገር እነዚህ የአመፅ ጨዋታዎች የተካሄዱት በአሮጌው በራግቢ ዩኒየን ሕግ መሆኑ ነው፤ የአዲሱን ጨዋታ የሕግ መጽሐፍ የያዘ ሰው በሲድኒ አልተገኘም። ከአሮጌው የተለየው የመግቢያው ገንዘብ የሚሄድበት ኪስ ብቻ ነበር።

የራግቢ ዩኒየኑ ማኅበር ሜሴንጀርን አባረረ፤ ያስመዘገበውን ውጤት ሁሉ ከመዝገቡ ሰረዘ።

ለኒውዚላንድ የተጫወተ አውስትራሊያዊ

ባስከርቪል በሦስቱ ጨዋታዎች ያየውን ተጫዋች ትቶት መሄድ አልፈለገም። ሜሴንጀር የቡድኑ ብቸኛ አውስትራሊያዊ ሆኖ ወደ እንግሊዝ ተጓዘ። ቡድኑ ሊድስ ከተማ እንደደረሰ አዲሱን ሕግ ለመማር የነበረው ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ በሰሜን እንግሊዝ ጭቃ ላይ ተጫወቱ። ከኖርዘርን ዩኒየን ምርጥ ቡድን ጋር በተደረጉት ሦስት ዋና ግጥሚያዎች የመጀመሪያውን በሊድስ 14 ለ 6 ቢሸነፉም፣ ሁለተኛውን በለንደን 18 ለ 6፣ ሦስተኛውን በቸልተንሃም 8 ለ 5 አሸንፈው ተከታታዩን ወሰዱ። በጉዞው በሙሉ ከቡድኑ አባላት ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው ሜሴንጀር ነበር። በዚህም ምክንያት በራግቢ ሊግ ለአገሩ ለአውስትራሊያ ከመጫወቱ በፊት ለኒውዚላንድ ተጫውቷል።

ባስከርቪል ግን ከጉዞው መልስ ቤቱ አልደረሰም። ቡድኑ በአውስትራሊያ ሲያልፍ ብሪዝበን ከተማ ላይ በሳምባ ምች ታሞ በሜይ 1908 ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር።

የ1908 የመጀመሪያው ውድድር ዘመን

ሜሴንጀር እንግሊዝ ሳለ ሲድኒ ውስጥ ከጃንዋሪ 1908 ጀምሮ ክለቦች በየሰፈሩ ይመሠረቱ ጀመር። ግሌብ፣ ኒውታውን፣ ሳውዝ ሲድኒ፣ ባልሜይን፣ ኖርዝ ሲድኒና ዌስተርን ሰበርብስ ተቋቋሙ፤ ከሲድኒ ውጭም የኒውካስል ከተማ ቡድን ገባ። የሜሴንጀር ክለብ ኢስተርን ሰበርብስ ጃንዋሪ 24 ቀን በፓዲንግተን የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ በተደረገ ስብሰባ ተመሠረተ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ከእነዚህ ሰፈሮች አብዛኞቹ የወደብ፣ የፋብሪካና የባቡር ሠራተኞች መኖሪያ ነበሩ። የጠፋ ደመወዝ ጉዳይ ለነዋሪዎቹ በጋዜጣ የሚያነቡት ክርክር አልነበረም።

ውድድሩ የተከፈተው ኤፕሪል 20 ቀን 1908 ሲሆን ዕለቱ የምዕራባውያን ፋሲካ ማግስት ሰኞ ነበር። በሁለት ሜዳዎች አራት ጨዋታዎች ተደረጉ። በበርችግሮቭ ሜዳ ሳውዝ ሲድኒ ኖርዝ ሲድኒን 11 ለ 7፣ ባልሜይን ዌስተርን ሰበርብስን 24 ለ 0 አሸነፉ። በዌንትወርዝ ፓርክ ደግሞ ግሌብ ኒውካስልን 8 ለ 5 ሲረታ፣ ኢስተርን ሰበርብስ ኒውታውንን 32 ለ 16 ድል አደረገ። በዚህኛው ጨዋታ ጆኒ ስተንትዝ የተባለ የኢስተርን ሰበርብስ ተጫዋች ብቻውን አራት ትራይ አስቆጠረ። ስተንትዝ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ተገድሏል። ዘጠነኛው ክለብ ከምበርላንድ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ቢገባም ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ሲሆን በዓመቱ መጨረሻ ፈረሰ።

ሜሴንጀር ሜይ 9 ቀን 1908 በሲድኒ አውስትራሊያ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የራግቢ ሊግ ግጥሚያዋን ስታደርግ ተሰለፈ። ተጋጣሚዎቹ አብሯቸው ክረምቱን የከረመው ኦል ጎልድሶች ነበሩ። ኒውዚላንድ 11 ለ 10 አሸነፈች፤ በብሪዝበንም 24 ለ 12 ደገመች። አውስትራሊያ ሦስተኛውን 14 ለ 9 አሸነፈች።

የክለቦቹ ውድድር ግን እንደ ብሔራዊ ግጥሚያዎቹ ሕዝብ አልሳበም። ትልልቆቹ ሜዳዎች ብዙዎቹ በራግቢ ዩኒየን እጅ ስለነበሩ ሊጉ ባገኘው ሜዳ መጫወት ነበረበት። ጊልቲናን ኪሳራውን የሚሸፍነው እንግሊዝ ላይ እንደሆነ አምኖ የመጀመሪያውን የካንጋሮስ ቡድን (የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን እስከ ዛሬ የሚጠራበት ስም ነው) አዘጋጀ። ቡድኑ ኦገስት 15 ቀን በመርከብ ተነሣ፤ የውድድር ዘመኑ ግን ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ ኦገስት 29 ቀን የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ሁለቱም ክለቦች ምርጥ ልጆቻቸውን ባሕር ላይ አስቀምጠው የተጫወቱት ጨዋታ ሆነ። ሳውዝ ሲድኒ ኢስተርን ሰበርብስን 14 ለ 12 አሸንፎ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። ሜሴንጀር ውጤቱን የሰማው በመንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያው የውድድር ዘመን በስሙ የሚጠራውን ያህል ሜዳ ላይ አላየውም ማለት ይቻላል።

ኪሳራና ትንሣኤ

የካንጋሮስ ጉዞ በገንዘብ ረገድ አልተሳካም። ላንካሻየር በጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች የሥራ ማቆም ምክንያት ችግር ላይ ነበረች፤ አየሩም መጥፎ ሆነ፤ ሰው ለመግቢያ የሚከፍለው አጣ። የቡድኑ አምበል ዴኒስ ላትጅ በመጎዳቱ በብሔራዊ ግጥሚያዎች ላይ ቡድኑን የመራው ሜሴንጀር ነው። በለንደን ከተደረገው የመጀመሪያው ጨዋታ 22 እኩል ወጡ፤ በኒውካስል 15 ለ 5፣ በበርሚንግሃም 6 ለ 5 ተሸነፉ። ጊልቲናን በራሱ ስም የተበደረውን መክፈል አቅቶት ከሰረ። በ1909 መጀመሪያ እሱና ሁለቱ ጓዶቹ ሆይልና ትረምፐር ከመሠረቱት ሊግ አመራር ተወገዱ።

በዚያው ክረምት የራግቢ ዩኒየኑ ብሔራዊ ቡድን ዋላቢስም እንግሊዝ ነበር፤ በ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። እነሱ ለቀን ወጪ የተሰጣቸው ሦስት ሽልንግ ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጄምስ ጆይንተን ስሚዝ የተባለ ባለሀብት ገንዘብ አቀረበና አሥራ አራት የዋላቢስ ተጫዋቾች በ1909 ወደ ሊጉ ገቡ። ከእነርሱ መካከል የኦሊምፒኩ አምበል ክሪስ መኪቫት ይገኝበታል። ካንጋሮስና የቀድሞዎቹ ዋላቢስ እርስ በርስ ሲጋጠሙ ሕዝቡ ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት 1910 የእንግሊዝ ቡድን ሲድኒን ሲጎበኝ ከ40,000 በላይ ሰው ለአንድ ጨዋታ ተሰበሰበ፤ ከዚያ ወዲያ በሲድኒ ሕዝብ የሚያይለው ራግቢ ሊጉ ሆነ።

ሜሴንጀር ሊጉን ወለደ የሚለው አነጋገር የተለመደ ቢሆንም ትንሽ ተጋኗል። የሲድኒ ሠራተኛ ሰፈሮች ቅሬታ ያለ እሱም ነበር፤ ከመሞት ያዳነውም የ1909ኙ የስሚዝ ገንዘብ ነው። ነገር ግን በኦገስት 1907 ያ 20,000 ሰው ባይመጣ ኖሮ የሚድን ሊግ መኖሩ ያጠራጥራል።

ከክለቡ ጋር

ሜሴንጀር ከፍተኛ ብቃቱን ያሳየው ግርግሩ ከበረደ በኋላ ነው። በ1911 በክለብና በክፍለ ሀገር ጨዋታዎች ባጠቃላይ 270 ነጥብ አስቆጠረ፤ ይህ ክብረ ወሰን እስከ 1935 ድረስ ቆይቷል። በዚያው ዓመት እሱ አምበል የሆነለት ኢስተርን ሰበርብስ ግሌብን 11 ለ 8 አሸንፎ የመጀመሪያውን ሻምፒዮናውን አገኘ። ወደ እንግሊዝ ለሁለተኛ ጊዜ በተደረገው የካንጋሮስ ጉዞ (1911–12) እንዲሄድ ቢጠየቅም እምቢ ብሎ ቀረ። ኢስተርን ሰበርብስ በ1912 እና በ1913ም ሻምፒዮን ሆኖ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ላሸነፈ የሚሰጠውን ጋሻ ለዘለቄታው ወሰደ። ክለቡም ጋሻውን ለአምበሉ ለሜሴንጀር ሰጠው። በዚያው በ1913 ጫማውን ሰቀለ።

የኋላ ሕይወቱ

በሜዳ የነበረው ዕድል በንግድ አልተከተለውም። ሆቴል ያዘ፣ በኩዊንስላንድ የሙዝ እርሻ ሞከረ፤ ሁለቱም አላዋጡትም። በመጨረሻ ወደ እጅ ሥራ ተመልሶ በአናጺነት ኖረ። የጀልባ ሠሪው ልጅ ለእንጨት ሥራ እንግዳ አልነበረም። ስሙ ብዙ ገንዘብ ያስገኘ ተጫዋች ለራሱ ሀብታም ሆኖ አልሞተም። ኖቬምበር 24 ቀን 1959 በኒው ሳውዝ ዌልስ ገጠር በምትገኘው ጋነዳ ከተማ በ76 ዓመቱ አረፈ።

መታሰቢያ

ከ1980 ጀምሮ የዓመቱ ምርጥ የራግቢ ሊግ ተጫዋች የሚሸለመው ሜዳሊያ «ዳሊ ኤም» ይባላል፤ «ኤም» የአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ናት። በሲድኒ ክሪኬት ሜዳ ከተመልካች መቀመጫዎች አንዱ በስሙ ተሰይሟል፤ ሐውልትም ቆሞለታል። ከምድብ ጨዋታዎች በኋላ ሠንጠረዡን ለሚመራ ክለብ የሚሰጠው ጋሻ ደግሞ በከሰረው በጄምስ ጊልቲናን ስም ይጠራል። የኒው ሳውዝ ዌልስ ራግቢ ዩኒየን በ1907 ከመዝገቡ የሰረዘውን የሜሴንጀርን ውጤት የመለሰው ከመቶ ዓመት በኋላ በ2007 ነው።